ቀስቷ የደበቀችው ብረት

የተከበራችሁ የኬሚስትሪ መምህራን፣

የተጋበዝኩት ስለ ናይትሮጅን ማዳበሪያ አመራረት እንድናገር ነው፤ እናገራለሁ። ግን ሰሌዳ ላይ ስንጽፋት ስለኖርናት አንዲት ቀስት ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለ፤ አስቀድሜ እሱን ልተንፍሰው።

ናይትሮጅን ሲደመር ሃይድሮጅን፣ ቀስት፣ አሞኒያ። ከቀስቷ በላይ «ብረት፣ 450 ዲግሪ፣ 200 አትሞስፌር» እንጽፋለን። ተማሪው ይገለብጣል፣ ደወል ይደወላል፣ አለቀ!

አላለቀም! ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪትዝ ሃበር በ1909 እ.ኤ.አ. በጀርመኗ ከተማ ካርልስሩኸ ያሳየው መሣሪያ አሞኒያን በጠብታ ነበር የሚያወጣው። ያንን ፋብሪካ የማድረጉ ዕዳ የወደቀው የጀርመኑ የኬሚካል ኩባንያ የባስፍ ባልደረባ በነበረው በካርል ቦሽ ላይ ነው። ቦሽ ወፍራም የአረብ ብረት ቱቦዎች አሠራ፤ 80 ሰዓት ገደማ ሠርተው ፈነዱ። ስብርባሪው ሲመረመር ጉዱ ወጣ፦ ሃይድሮጅን ግድግዳው ውስጥ ሰርጎ፣ ብረቱን ያጠነከረውን ካርቦን ወደ ሚቴን ለውጦ፣ ውስጥ ውስጡን ሰነጣጥቆታል። ቦሽ ምን አደረገ? ግድግዳውን አላወፈረም። ውስጡን ካርቦኑ እጅግ ባነሰ ለስላሳ ብረት ለበጠው፤ ግፊቱን የሚሸከመውን የውጭውን አረብ ብረት ደግሞ በሳው! ሾልኮ ያለፈው ሃይድሮጅን በጥቃቅኖቹ ቀዳዳዎች እንዲወጣ። እስቲ ግፊት የሚችል ዕቃ ብሱ ብላችሁ እዘዙ፤ ማን ይሰማችኋል? በ1913 ጀርመን ውስጥ ኦፓው ላይ ሥራ የጀመረው ፋብሪካ ያለዚያ ቀዳዳ ባልታሰበ ነበር።

የባስፉ ኬሚስት አልቪን ሚታሽም አለ። ሃበር ምላሹን ለማፋጠን የተጠቀመበት ኦስሚየም የተባለው ንጥረ ነገር ብርቅ ስለነበር፣ ከባልደረቦቹ ጋር በሺዎች የሚቆጠሩ ድብልቆች ፈትሾ በምትኩ ብረትን ከአሉሚኒየም ኦክሳይድና ከፖታሲየም ኦክሳይድ ጋር ያዋሐደው እሱ ነው። ስሙን ከተማሪዎቻችሁ ስንቱ ያውቀዋል? ከእናንተስ?

እኛ ግን «የሃበር ሂደት ሙቀቱ ስንት ነው?» እያልን እንፈትናለን፤ የቦሽን ስም እንኳ ቆርጠን ጥለን! ማስተማር ቁጥር ማስገልበጥ ከሆነ ደመወዙን ለሰሌዳው ክፈሉት!

ሰዓቱ ሄዷል፤ የቀረውን ቶሎ ልበል። ሃይድሮጅኑ በአብዛኛው የሚገኘው ከተፈጥሮ ጋዝና ከእንፋሎት ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱም አብሮ ይመጣል። በአንድ ዙር አሞኒያ የሚሆነው ጋዝ ጥቂቱ ብቻ ስለሆነ፣ አሞኒያው ቀዝቅዞ ሲለይ የቀረው ተመልሶ ይገባል። አሞኒያና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ በግፊት ተዋሕደው ዩሪያ የተባለውን ማዳበሪያ ይሆናሉ፤ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው ፈተና የፈነዳ ቱቦ ሣሉና «ይህን ምን በላው?» በሉ። ሙሉ ነጥብ የሚሰጠው ለዚያ ይሁን።

አመሰግናለሁ።