ቢሮውን ይዛችሁ ቤት አትግቡ

ጤና ይስጥልኝ ባልደረቦች።

አርብ ከሰዓት ነው። ግማሻችሁ ሰዓት ታያላችሁ፣ ግማሻችሁ ስልካችሁን ጠረጴዛ ስር ይዛችኋል። እያየሁ ነው፣ አልከፋኝም። "በአጭሩ እናገራለሁ" ብዬም አልጀምርም፤ እንዲህ ብሎ የጀመረ ሰው ምን ያህል እንደሚቆይ ታውቃላችሁ።

የማወራው ስለ ቢሮ ብስጭት ነው። ስለ ትልልቁ አይደለም። ደመወዝ፣ እድገት፣ ቂመኛ አለቃ፣ እነሱ ሌላ ቀን ይፈልጋሉ። እኔ የምለው ጨጓራ የሚልጠውን ትንንሹን ነው፣ ለሰው ብንነግረው "ታዲያ ይሄ ምኑ ያናድዳል?" የምንባለውን።

ፕሪንተሩ አለ። ሳምንቱን ሙሉ ያለ ኮሽታ ያትማል፣ ልክ ፊርማ የሚጠብቅ ሰው በር ላይ ሲቆም ወረቀት ይይዛል። ትከፍቱታላችሁ፣ ምንም የለም። ትዘጉታላችሁ፣ ወረቀት ይዣለሁ ይላል። ከዚያ አንዱ መጥቶ "አጥፍታችሁ አብሩት" ይላል። የሚያበግነው ደግሞ ሲያጠፋውና ሲያበራው መሥራቱ ነው። ፋይሉም አለ፣ "የመጨረሻ"፣ "የመጨረሻ 2"፣ "የመጨረሻ የታረመ"፣ "ትክክለኛው ይሄ ነው"። አለቃ ዘንድ የሚደርሰው ግን ሁልጊዜ የመጀመሪያው ነው።

ኢሜይልን እናንሳ። እ.ኤ.አ. በ1971 ሬይ ቶምሊንሰን የተባለ መሐንዲስ ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው በኔትወርክ መልእክት ላከ። ምን ብሎ እንደጻፈ ሲጠይቁት ትዝ አይለኝም፣ የሚታወስም ነገር አልነበረም አለ። እኛም ከዚያ ወዲህ ይህንኑ ባህል ጠብቀን ቆይተናል። አንዱ ለመቶ ሰው "ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ" ይላል። ሌላው ተናዶ "እባካችሁ ለሁሉም አትመልሱ" ብሎ ለሁሉም ይመልሳል።

ስብሰባ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፣ ትልቁ ቁስላችን እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ኖርዝኮት ፓርኪንሰን የሚባል እንግሊዛዊ የታሪክ ሰው ኢኮኖሚስት መጽሔት ላይ አንድ የሹፈት ጽሑፍ አወጣ። ሥራ የተሰጠውን ጊዜ እስኪሞላ ድረስ ይለጠጣል አለ። ሰውየው እየቀለደ ነበር፣ እኛ ግን እየኖርነው ነው። አንድ ሰዓት የተያዘለት ስብሰባ በሃያ ደቂቃ አልቆ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጉዳዩ በሃያ ደቂቃ ያልቃል፣ ስብሰባው አያልቅም። "ከእኔ በፊት የተናገሩት እንዳሉት" ብሎ የሚጀምር ይነሳና የተባለውን ሁሉ እንደገና ይነግረናል። ቀጥሎ "ሐሳቡን ለማጠናከር ያህል" የሚል ይነሳል። ተመስገን አለቀ ስንል "ልዩ ልዩ" የሚባል ነገር ይመጣል፣ ከዋናው አጀንዳ የሚበልጥ ጉዳይ እዚያ ውስጥ ተሸሽጎ ሲጠብቀን ኖሯል። በመጨረሻ የሚወሰነው ሌላ ስብሰባ እንዲጠራ ነው። (አሁን ያሰባችሁትን ሰው ዞራችሁ አትዩት፣ ያውቅባችኋል።)

እሺ። ይሄ ሁሉ ያናድዳል፣ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ቅዳሜ ሌሊት ስለ ፕሪንተር እያሰበ እንቅልፍ ያጣ ሰው አላውቅም። ስለ "ልዩ ልዩ"ም እንደዚያው። እነዚህ ቀን አበሳጭተውን ማታ ወሬ ይሆናሉ፣ እንስቅባቸዋለን። ቤት ድረስ ተከትሎን የሚገባው ሌላ ነው፣ ተንጠልጥሎ የቀረው ሥራ። ያልተመለሰው ኢሜይል፣ ግማሽ ላይ የቆመው ሪፖርት፣ "እደውልልሃለሁ" ብለን ያልደወልንለት ሰው።

ብሉማ ዛይጋርኒክ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1927 ስለዚህ ጉዳይ ጽፋለች። ሰዎች ተቋርጦ የቀረባቸውን ሥራ ከጨረሱት የበለጠ ያስታውሳሉ አለች። እውነቱን ለመናገር በኋላ የሞከሩት ሁሉ ያንኑ ውጤት አላገኙም፣ ክርክር አለበት። እኔን ይበልጥ የሚያስደስተኝ እ.ኤ.አ. በ2011 ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ነው። ያልተፈጸመ ነገር አእምሮ ውስጥ ገብቶ ሌላ ሥራ ሲረብሽ አዩ። ከዚያ ሰዎቹ ያንን ነገር መቼና እንዴት እንደሚሠሩት ቁርጥ ያለ እቅድ እንዲያወጡ አደረጉ። ረብሻው ረገበ። ሥራውን ገና አልሠሩትም እኮ!

እኔ ከዚህ የምወስደው ይሄን ነው፤ ሥራ ስለማያልቅ እስኪያልቅ ጠብቀን አናርፍም፣ የት ላይ እንደምናቆመው ወስነን ግን ማረፍ እንችላለን። ስለዚህ የአርብ የመጨረሻዋ ግማሽ ሰዓት ላይ አዲስ ሥራ አትጀምሩ። "ይህቺን ብቻ ልጨርስ" የምትባለዋ ናት እስከ ማታ የምታስቀምጣችሁ። በምትኩ ወረቀት አውጡና የት እንደቆማችሁ ጻፉ። "ሪፖርቱ" ብላችሁ ብቻ አትጻፉ፣ እሱን ማንም ይጽፋል፣ ማንንም አያሳርፍም። "ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ ሒሳብ ክፍል ደውዬ ሦስተኛውን ሰንጠረዥ እጠይቃለሁ፣ ሲመጣ መደምደሚያውን እጽፋለሁ" በሉ። መልስ ለሚጠብቃችሁ ሰውም "ሰኞ ከምሳ በፊት እመልስልሃለሁ" ብላችሁ ላኩ። እሱም ይረፍ።

አሁን አለቆችን በሚመለከት። እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ከኋላ ተቀምጣችኋል። አርብ ልትወጡ ስትሉ "ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ እፈልግሃለሁ" የምትሏትን መልእክት ተዉልን። እናንተ ልካችሁ ትረሷታላችሁ። የደረሰው ሰው ግን ሁለት ቀን ሙሉ ምን እንዳጠፋ ሲመረምር፣ የሦስት ወር ኢሜይሉን ወደ ኋላ ሲያገላብጥ፣ ለትዳር ጓደኛው "ሊያባርሩኝ ነው መሰለኝ" ሲል ይከርማል። ሰኞ ሲገባ ጉዳዩ የጠረጴዛ መዛወር ሆኖ ይገኛል። ወይ ጉዳዩን አብራችሁ ጻፉ፣ ወይ መልእክቷ ሰኞ ጠዋት እንድትሄድ አድርጋችሁ አቆዩዋት፣ ኢሜይል ይህን ማድረግ ይችላል። "አይቸኩልም" ብሎ ቅዳሜ መላክም መላክ ነው።

የቅንጦት ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1957 የንግድና የቢሮ ሠራተኞችን የሳምንት እረፍት በሚመለከት ያወጣው ስምምነት፣ በየሰባት ቀኑ ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት እረፍት ይላል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ከሥራ ሰዓት ውጭ ከስልክና ከኢሜይል ስለመላቀቅ ከሠራተኛው ጋር እንዲደራደሩ በሕግ ደንግጋለች። የመኪና አምራቹ ሄንሪ ፎርድ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1926 በፋብሪካዎቹ አምስት ቀን ብቻ እንዲሠራ ያደረገው አንጀቱ ራርቶ ብቻ አልነበረም፤ እረፍት ያለው ሰው ብዙ ይገዛል የሚል ስሌት ነበረው። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ቅዳሜ እጃችን ገብታለች።

ቅዳሜና እሁድን እንዴት አሳልፉ ብዬ አልመክርም። የሚተኛ ይተኛ፣ የሚያጥብ ይጠብ፣ ዘመድ የሚጠይቅ ይጠይቅ። ተረኛ ሆናችሁ የምትገቡም አላችሁ፣ የእናንተ አርብ ማክሰኞ ሊሆን ይችላል፣ ነገሩ ያው ነው። ብቻ የእረፍት ቀናችሁን ደግሞ በሰዓት ሸንሽናችሁ ሌላ ሪፖርት አታድርጉት።

አሁን ሃያ ደቂቃ ይቀረናል። ወረቀትና እስክሪብቶ ያላችሁ ጀምሩ። አመሰግናለሁ፣ ጥያቄ ያለው ሰኞ ያግኘኝ።