ደራሲ ክፍል ሲገባ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ የላይብረሪ ሠራተኞችና ወላጆች። ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ስለ ሥራዬ እንድናገር ነው የተጠየቅኩት። የምጽፈው ለወጣቶች ነው፤ ከ12 ዓመት ገደማ ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃ እስኪጨርሱ ላሉት። ሥራው ምን ይመስላል ካላችሁኝ፣ አብዛኛው ለብቻ መቀመጥ ነው። መጻፍ፣ መሰረዝ፣ አርታኢ የሚለውን መስማት፣ እንደገና መጻፍ። እሱ ላይ ብዙ አልቆይም። በደንብ ማውራት የምፈልገው ደራሲ ትምህርት ቤት ሲጠራ ምን ይሁን በሚለው ላይ ነው።

ብዙ ጊዜ የምጠራው «እባክዎ ልጆቹን ይምከሩልን» ተብዬ ነው። አያነቡም፣ ስልካቸው ላይ ተጥደው ነው የሚውሉት፣ እስቲ አንድ ነገር ይበሉልን። ከፍቅር የመጣ ስለሆነ ጥያቄው ይገባኛል። ግን ምክርማ ጠዋት ማታ ይሰማሉ እኮ! ልብ ወለድ የሚይዛቸው ስለማይመክራቸው ነው። አንዲት ልጅ ስትዋሽ፣ ስትቀና፣ የልብ ጓደኛዋን አሳልፋ ስትሰጥ ገጽ በገጽ አብረዋት ይሄዳሉ፣ ይናደዱባታል፣ ያዝኑላታል፣ ከዚያ ፍርዱን ራሳቸው ይሰጣሉ። እኔ መድረክ ላይ ቆሜ ፍርዱን ከነገርኳቸው መጽሐፉን ገደልኩት።

የዚህ ዘርፍ ታሪክ ሲነሳ ብዙዎች ስሟን የሚጠሩት አሜሪካዊቷ ኤስ. ኢ. ሂንተን «ዘ አውትሳይደርስ»ን መጻፍ የጀመረችው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1967 ሲወጣም ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ነበረች። በዙሪያዋ የምታየውን የወጣት ኑሮ በትክክል የሚያሳይ መጽሐፍ ስላጣች ራሷ ጻፈችው። አያችሁ፣ ነገሩ የተነሳው ከልጆቹ ወገን ነው። ሌላው አሜሪካዊ የወጣቶች ደራሲ ሮበርት ኮርሚየር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ የገዛ ቤቱን ስልክ ቁጥር አስገባ። ወጣት አንባቢዎች ደወሉለት፣ እሱም እያነሳ አወራቸው። ለእኔ የትምህርት ቤት ጉብኝት ማለት ይኼ ነው።

አሁን ወደ ክፍሉ ልግባ። «እጅ እያወጣችሁ ጠይቁ» ሲባል የሚመጣው ይታወቃል። ሐሳብ ከየት ያገኛሉ? ስንት መጽሐፍ ጻፉ? ጠያቂዎቹም ከፊት የተቀመጡት ናቸው። ስም የሌለበት ወረቀት ሲታደል ግን ሌላ ክፍል ነው የምታገኙት። አንድ ጊዜ ታጥፎ ታጥፎ ጥፍር ያከለ ወረቀት ደረሰኝ። በእርሳስ፣ በቀጭን ጽሑፍ፣ «አባቷን ይቅር ባትለው ኖሮ መጥፎ ልጅ ትሆን ነበር?» ይላል። በዚያ መጽሐፌ ልጅቷ መጨረሻ ላይ ይቅር ትለዋለች። ጥያቄውን ጮክ ብዬ አነበብኩት። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ አንድ ልጅ «በፍጹም አትሆንም» አለ። አንዷ ደግሞ ዞር ብላ «አባቷ እኮ ነው!» አለችው። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው፤ ደወል እስኪደወል ተከራከሩ፣ መጽሐፉን እየገለጡ፣ «እዚህ ጋ አንብበው» እየተባባሉ። እኔን የሚያይ አልነበረም፣ ደስ ያለኝም ለዚያ ነው። ወረቀቱን የጻፈው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ማወቅም የለብኝም።

እንዲህ ያለ ነገር ግን በዘፈቀደ አይመጣም። ልጆቹ መጽሐፉን አስቀድመው በእጃቸው ይዘውት ነበር፤ መምህሯም ማጠቃለያ ጻፉ ብላ አላስጨነቀቻቸውም። ስለዚህ አዳራሽ ሙሉ ተማሪ ከምትሰበስቡልኝ አንድ ክፍል ስጡኝ። መጽሐፉ ለሁሉም ካልተዳረሰ አንድ ምዕራፍ እየተቀባበሉ ያንብቡ፣ እሱም ይበቃል። ጎበዞቹን ብቻ መርጣችሁ አታምጡ፤ ማንበብ የሚጠላውን ልጅ እፈልገዋለሁ። ሳይጨርስ የተወም ይምጣ። ራሱ መምህር የነበረው ፈረንሳዊው ደራሲ ዳንኤል ፔናክ እ.ኤ.አ. በ1992 ከዘረዘራቸው አሥር የአንባቢ መብቶች አንዱ መጽሐፍን ሳይጨርሱ መተው ነው። የት ጋ እንደሰለቸው የሚነግረኝ ልጅ ለሚቀጥለው ረቂቄ ከሙገሳ በላይ ይጠቅመኛል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይኼኛው የሚያንገበግበኝ ስለሆነ ነው። ከጉብኝቱ ማግስት ልጁ ላይብረሪ ሲሄድ መደርደሪያው ክፍት ይሁን። የእኔ መጽሐፍ ባይኖርም ግድ የለም፣ የሌላ ደራሲ ይውሰድ። ይቆሽሻል፣ ይቀደዳል ተብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚቆለፍ መጽሐፍ ሳይ እበሳጫለሁ። ይቀደድ! የላላውን በፕላስተር እያያያዛችሁ መልሳችሁ አውሱት።

እኔ ይኼን ያህል ካወራሁ ይበቃል። አሁን ወረቀት ይታደላችኋል፤ የከነከናችሁን ጻፉልኝ። ስም አያስፈልግም።