ለቨርቹዋል ማሽን ዲስክ ስንሰጥ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ሲያመላልሰኝ የከረመ ጉዳይ አለ፤ ለቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም አንድ ሰርቨር ውስጥ በሶፍትዌር ለሚፈጠር ኮምፒውተር፣ ዲስክ የምንሰጥበት መንገድ።

ማሽን ስንፈጥር ስለ ራምና ስለ ፕሮሰሰር እንጨነቃለን። ዲስኩ ጋ ስንደርስ ግን "ኔክስት፣ ኔክስት" ብለን እናልፋለን። እኔ ተገላቢጦሽ መሆን አለበት ባይ ነኝ። ራም ነገም ይጨመራል። ዲስኩ ላይ ያለው ግን የሰው ሥራ ነው፦ የሒሳብ መዝገብ፣ የተማሪ ውጤት፣ የታካሚ ካርድ።

የማይክሮሶፍቱን የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር፣ ሃይፐር-ቪን ልውሰድ። እዚያ የማሽኑ ዲስክ ሰርቨሩ ላይ የሚቀመጥ ፋይል ነው። መጀመሪያ የፋይሉ ፎርማት አለ። አሮጌው ቪኤችዲ ከ2 ቴራባይት ገደማ አያልፍም። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ጋር የመጣው ቪኤችዲኤክስ 64 ቴራባይት ይደርሳል። እኔን የሚገርመኝ ግን መጠኑ አይደለም። ቪኤችዲኤክስ የራሱን አወቃቀር ሲቀይር ለውጡን አስቀድሞ ይመዘግባል። መብራት ድንገት ድርግም ቢል፣ ሲነሳ ያንን መዝገብ አይቶ ራሱን ያስተካክላል። መብራት በሚሄድበት በሚመጣበት ከተማ ለሚሠራ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የሚጠብቀው የፋይሉን አወቃቀር ነው እንጂ ዳታቤዙ በዚያች ቅጽበት ሲጽፍ የነበረውን አይደለም። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዘው ዩፒኤስ አይቅር።

ቀጥሎ ያለው ምርጫ ነው ዋናው። ዲስኩ ቋሚ መጠን ይኑረው ወይስ እየሞላ ይደግ? በማደግ ላይ ያለው በጣም ያጓጓል። 500 ጊጋባይት ብላችሁ ትፈጥሩታላችሁ፤ ፋይሉ ግን ጥቂት ሜጋባይት ይዞ ይጀምራል። አንድ ቴራባይት ባለው ሰርቨር ላይ እንዲህ ዓይነት አራት ማሽን ብታስቀምጡ ማንም አይከለክላችሁም። ኪስ ውስጥ የሌለ ብር ለአራት ሰው ቃል እንደ መግባት ነው። አንዱ ማሽን ሥራውን በሚመዘግብበት ሎግ ፋይል ሲያብጥና የሰርቨሩ ዲስክ ሲሞላ፣ እዚያው ዲስክ ላይ ያሉት ሌሎቹም ምንም ሳያጠፉ ይቆማሉ። ውስጥ ገብታችሁ ፋይል ብትሰርዙም ውጭ ያለው ፋይል ወዲያው አያንስም። ኮምፓክት መደረግ፣ ማለትም ባዶው ቦታ ወጥቶ ፋይሉ መጨመቅ አለበት።

ቋሚው ሙሉ ቦታውን በተፈጠረበት ቀን ይወስዳል። ቦታ ከሌለ ያኔውኑ እንቢ ይላል። ብዙ ሰው ቋሚውን የሚመርጠው ለፍጥነት ብሎ ነው። እኔ ግን የምወደው ለዚህ እንቢታው ነው። ቦታ የለም የሚለውን ወሬ ቢሮው በሰው ሲጨናነቅ ከምሰማ፣ ገና ስጀምር ብሰማው ይሻለኛል። ለዳታቤዝ ያለው ማሽን ሁሉ ቋሚ ይሁን እላለሁ። ለሙከራና ለትምህርት የሚያድገው ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ይሄን ሁሉ ያፈርሰዋል፦ ቼክፖይንት። ነገር ቢበላሽ ማሽኑን ወደ ነበረበት ለመመለስ ያለበትን ሁኔታ የምንይዝበት ነው። ቼክፖይንት ስትወስዱ ማሽኑ በነበረው ፋይል ላይ መጻፍ ያቆማል፤ አዲሱን ሁሉ ሌላ ፋይል ላይ ያደርገዋል። ያ ፋይል ደግሞ የሚያድግ ነው። ዲስኩን ቋሚ አድርጋችሁ ቼክፖይንቱን ወራት ካስቀመጣችሁት ወደዚያው ችግር ተመለሳችሁ ማለት ነው። ባክአፕ ነው ብላችሁም አትተማመኑበት፤ ዋናው ፋይል ከተበላሸ እሱም አይረባም። አፕዴት ከማድረጋችሁ በፊት ውሰዱት፣ ነገሩ ከተሳካ አጥፉት። ስታጠፉት ግን ከሃይፐር-ቪ ማኔጀር ይሁን። ፎልደር ውስጥ ገብታችሁ ፋይሉን በእጃችሁ እንዳትነኩት፤ ከዚያ ወዲህ የተጻፈው ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።