የሚላከው ቤተሰብ ነው

(ወደ ቻድ ቤተሰብ ለመላክ ለሚዘጋጁ የጅማ አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ሽማግሌዎችና ምዕመናን የቀረበ ንግግር)

የተወደዳችሁ ሽማግሌዎች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ።

በ1920 ዓ.ም. እነ ሚስዮናዊው ዶክተር ቶማስ ላምቢ ከአዲስ አበባ ሲነሡ ያሰቡት ወደ ጅማ ነበር። መንገዱ ግን ወደ ሆሳዕና፣ ወላይታና ሲዳማ ወሰዳቸው። ያኔ መድረሻ እንድትሆን የታሰበች ከተማ ዛሬ ለመላክ ተቀምጣ ትመክራለች። ደስ ይላል። ስንመክር ግን የምናነሣው ስለ ወንጌላዊው ጥሪና ስለ ስብከቱ ነው። የሚላከው ቤተሰብ መሆኑን እንረሳለን። ጊዜው ሳይደርስ የሚመለስ ሰው ብዙውን ጊዜ ስብከት አቅቶት ሳይሆን ቤቱ አልቆም ብሎት ነው። ስለዚህ ስለ ብር፣ ስለ ምጣድ፣ ስለ ትኩሳትና ስለ ደብተር እንነጋገር።

በቻድ ዋና ከተማ በኒጃሜና የቤት ኪራይም ሽንኩርትም የሚከፈለው በመካከለኛው አፍሪካ ሴፋ ፍራንክ ነው። አንድ ዩሮ በ655.957 ፍራንክ የታሰረ ስለሆነ ፍራንኩ ከዩሮው ጋር ይሄዳል፤ የሚንሸራተተው የእኛ ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በብር ቃል የተገባ ድጋፍ ወደ ግማሽ የሚጠጋ አቅሙን አጣ ማለት ነው። ቃሉን ያጠፈ የለም፤ የቤተሰቡ ገበታ ግን ጎደለ። በጀቱ በፍራንክ ይሠራ፣ በየሦስት ወሩ ወደ ብር ይሰላ፣ ልዩነቱን አጥቢያዎች ይካፈሉት። የሦስት ወር ወጪና የመላው ቤተሰብ የመመለሻ ትኬት ዋጋ ደግሞ ከመነሻው ለብቻው ይቀመጥ። የምዕራብ አፍሪካው ሴፋ ስሙ ተመሳሳይ ቢሆንም ቻድ ውስጥ መገበያያ አይደለም፤ ኖቱን አይቶ መቀበል ነው።

የጉዞ ሰነዱን ኮሚቴው ያውቀዋል። አንድ ነገር ብቻ፦ የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ ይሰጥ፤ ካርዱ የሚጸናው ከዚያ በኋላ ነው።

ቋንቋ ላይ የተለመደው ስሕተት ባል ትምህርት ቤት ይገባል፣ ሚስት "ልጆቹ ትንሽ ሲያድጉ" ትባላለች። ዓመት አልፎ እርሱ በፈረንሳይኛ ይጸልያል፣ እርሷ ቲማቲም የምትገዛው በጣቷ እየጠቆመች ነው። ብቸኝነቱ ከዚያ ይጀምራል። ከሳምንቱ ስድስት ጠዋቶች ሦስቱ፣ ከ2:30 እስከ 5:30፣ የእርሷ ይሁኑ፤ ባል ቤት ይዋል፣ ልጅ ይያዝ፣ ወጥ ይሥራ። ለገበያውና ለጎረቤቱ ከፈረንሳይኛው ይልቅ የቻድ ዓረብኛ ይቅደም። ላኪዋ ቤተ ክርስቲያንም ለሁለት ሰው አስተማሪ ትክፈል። ይህን ቅንጦት የሚል ሽማግሌ ካለ የሁለት ሰው የመመለሻ ትኬት ዋጋ ጠይቆ ያወዳድር።

ኩሽናው ደግሞ ተንቆ ብዙ የሚጎዳ ቦታ ነው። ጤፍ እንደ ጅማ መርካቶ አይገኝም፤ ማሽላና ዳጉሳ የሚመስል ሌላ እህል አለ። ሻንጣውን በሽሮና በበርበሬ ሞልቶ መሄድ ጥቂት ወር ያቆያል፣ ከዚያ ባዶ ነው። የሚያዋጣው የማሽላ እንጀራ ነው። የማሽላ እንጀራ በማግሥቱ ይደርቅና ይሰባበራል። አብሲት ሲጣል ይሻላል፤ ከቦካው ሊጥ አንድ አሥረኛውን ያህል በፈላ ውኃ እያማሰሉ አብስሎ፣ አቀዝቅዞ መመለስ። ጥቂት የስንዴ ዱቄት ቢገባበት የበለጠ ይያያዛል። ሆኖም ለሳምንት ጋግሮ ማስቀመጥ ይቅር፤ በየሁለት ቀኑ ይጋገር። መብራት ስለማያስተማምን በከሰልም የሚሠራ ምጣድ ያስፈልጋል።

ልጅ ሲያተኩሰው እዚህ "ምች ነው" ብለን ዳማከሴ እናሸታለን። ቻድ ውስጥ ትኩሳት፣ ሌላ መሆኑ በምርመራ እስኪረጋገጥ ድረስ፣ ወባ ነው። ምርመራው በዚያው ቀን ይደረግ፤ የከፋው ወባ ሕፃንን በአንድ ሁለት ቀን ሊጥል ይችላል። አጎበሩ በመድኃኒት የተነከረ ይሁን፣ ጫፉም ፍራሽ ሥር ይታጠፍ። ተንጠልጥሎ ብቻ የሚቀር አጎበር ጌጥ ነው። ለተቅማጥ ደግሞ በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣው የኦ.አር.ኤስ. ከረጢት ካልተገኘ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም የተላገ።

ትምህርት ላይ ጅማን የሚመለከት ነገር አለ። ብዙ ልጆቻችን በቁቤ ማንበብ ስለሚችሉ የፈረንሳይኛው ፊደል አይከብዳቸውም ይባላል። መልኩ አይከብድም፤ ድምፁ ግን ያሳስታል። በቁቤ ኤክስ "ጥ" ነው፣ ሲ ደግሞ "ጭ"። ልጁ በዚያው ያነብና "ማንበብ አይችልም" ተብሎ ዝቅተኛ ክፍል ሊገባ ይችላል። ከመሄዱ በፊት ሦስት ወር የፈረንሳይኛ ንባብ ይለማመድ። እዚያ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ቀን ግማሽ ሰዓት በፊደልም በቁቤም ቤት ውስጥ ያንብብ፤ ካልሆነ ተመልሶ የሚቀመጥበት ክፍል ይጠፋል።

አንድ ጉዳይ እዚህ ካልተቆረጠ እዚያ ያጣላል፤ ሥጋ። ገበያ ላይ የሚሸጠው ሥጋ በአብዛኛው ሙስሊሞች ያረዱት ነው፤ ለዓረፋ ጎረቤት በሳህን ይልካል። በእኛ አገር ልማድ "የእስላም ሥጋ" ብሎ የሚመልስ ሰው ሳህኑን ብቻ አይደለም የመለሰው። ባልና ሚስት ከመነሣታቸው በፊት ተነጋግረው ይወስኑ፣ ለልጆቹም ያስረዱ። በጉርብትናው በኩል ጅማዎች ከብዙዎች ትሻላላችሁ፤ ጾም ሲፈታ ምን ይዞ እንደሚኬድ፣ ለቅሶ ቤት እንዴት እንደሚገባ የሚነግራችሁ አያስፈልግም።

ለእረፍት ሲመለሱ ከመንገድ ድካማቸው ሳያርፉ በየአጥቢያው ምስክርነት አታዙሯቸው። የመጀመሪያው ወር ያለ ፕሮግራም ይለፍ፤ የሚያርፉበት ቤት ከመምጣታቸው በፊት ተከራይቶ ይጠብቃቸው። ልጆቹ ማኅተም ያረፈበትን የየዓመቱን የትምህርት ውጤት ከነትርጉሙ ይዘው ይምጡ፤ እዚህ ስንተኛ ክፍል እንደሚገቡ የሚወሰንበትን አቻ ግምት የሚከታተል አንድ ሰው ኮሚቴው ዛሬ፣ እዚሁ ስብሰባ ላይ፣ በስም ይመድብ።