አባ ዘንቢል

እንደምን አደራችሁ? አካም ቡልታን?

የተከበራችሁ የሰፈራችን አባቶችና እናቶች፣ የእድራችን ዳኛ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከፊት ምንጣፍ ላይ የተደረደራችሁ ልጆች። የተሰጠኝ አስር ደቂቃ ነው። ካለፍኩ ዳኛችን ጉሮሯቸውን ሊጠርጉ ተስማምተናል። አንድ ጆሯችሁን ለእኔ፣ አንዱን ለእሳቸው አድርጉ።

ዛሬ ከዚህ ድንኳን ወጥተን በጅማው አዌቱ ወንዝ ዳርቻ አብረን በእግር እንሄዳለን። ማንም «ወዴት ነው?» ብሎ አይጠይቀንም። ይህ ለእናንተ ምንም ላይመስላችሁ ይችላል። ለእኛ ቤት ግን ትልቅ ጉዳይ ነበር። ለምን እንደሆነ እንድነግራችሁ ስለ አባቴ ላውራ።

አባቴን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ልብስ ሰፊ ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ ሲንጀሩ ላይ አጎንብሶ ነው የሚውለው። እኔ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ስኳር እንዳለበት ተነገረው። ሐኪሙ መድኃኒቱን ከጻፈለት በኋላ፣ ጡንቻ ሲሠራ ከደም ውስጥ ስኳር እንደሚወስድ አስረድቶት፣ «በቀን ግማሽ ሰዓት በእግርህ ሂድ» አለው።

አባዬ ቤት ሲገባ ፊቱ የተሰደበ ሰው ፊት ነበር።

«ወዴት ነው የምሄደው?» አላት እማዬን።

«ወደየትም። ዝም ብለህ ሂድ ነው ያሉህ።»

«ዝም ብሎ የሚሄድማ እብድ ነው።»

እውነቱን ነው። በዚያን ጊዜ በእኛ ሰፈር ያለ ጉዳይ የሚሄድ ሰው አልነበረም። ሰው ወደ ሄርማታ ገበያ ይሄዳል። ወደ መስጊድ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ለቅሶ ይሄዳል። ዝም ብሎ የሚዞር ወይ ሥራ የፈታ ነው ወይ ሰው የሚፈልግ።

የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ሆነ። አባዬ ወጣ። ሰባት ሰው አገኘው። ሰባቱም ጠየቁት። ግማሹ «ወዴት ነው?»፣ ግማሹ በኦሮምኛ «ኤሳ ዴምቱ?» አለ። ለአንዱ ክር ልገዛ ነው፣ ለሌላው የታመመ ልጠይቅ ነው እያለ ሄደ። ለሰባተኛው «ሻይ ልጠጣ» አለው። ውሸታም እንዳይባል ሻይ ቤት ገብቶ ጠጣ። በሦስት ማንኪያ ስኳር!

በማግስቱ እማዬ ባዶ ዘንቢል አስያዘችው። «ገበያ ነው በላቸው» አለችው።

ይህችን ዘንቢል ላሳያችሁ። ይዤያት መጥቻለሁ። ከኋላ ያላችሁ ትታያችኋለች? አንደኛው ማንጠልጠያዋ ተበጥሶ ነበር። አባዬ ከኮት ገበር በተረፈ ሰማያዊ ጨርቅ ጠቅልሎ በእጁ ሰፋው። ስፌቱን ቀረብ ብላችሁ እዩት። የማሽን ነው ትላላችሁ። ባዶ ለሚሄድ ዘንቢል ይሄን ያህል የሚጨነቅ ሰው ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ ነቃ። ባዶ ይወጣል፣ ባዶ ይመለሳል። ምን የሚሉት ገበያ ነው? አንድ ሰው ስም አወጣለት። ስሙን አልጠራም። እዚሁ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ደፍቷል። «አባ ዘንቢል» አለው። በጅማ አባ ጅፋርን የማያውቅ የለም። ጅፋር የፈረስ ስም ነው፤ ንጉሡ የተጠሩት በፈረሳቸው ነው። አባቴ ፈረስ አልነበረውም፣ በዘንቢሉ ተጠራ። አባዬ መጀመሪያ ተቆጣ። ኋላ ግን በር ሲያንኳኳ «ማነው?» ስንል እሱ ራሱ «አባ ዘንቢል» ማለት ጀመረ።

ከዘንቢሉ ቀጥሎ ሰበብ የሆንነው እኛ ነን። ሦስት ልጆች። «ልጆቹን ላናፍሳቸው ብዬ ነው።» እሁድ እሁድ ከድልድዩ ወርደን በወንዙ ዳር እንሄዳለን። ያኔ ቦታው የዛሬው አይምሰላችሁ። የተነጠፈ መንገድ የለም፣ አግዳሚ ወንበር የለም፣ መብራት የለም። ሣር ነበር፣ ዋንዛና ባሕር ዛፍ ነበር፣ የሚግጡ ከብቶች ነበሩ፣ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ነበሩ። ቆሻሻም ነበር። ትዝታ ነው ብዬ አላሳምረውም።

አባዬ ግን «ፓርክ እንሂድ» ነበር የሚለው። ቃሉን ከየት እንዳመጣው አላውቅም። እኛም ሌላ ፓርክ አይተን አናውቅም። ወንዙ ዳር ስንደርስ ዘንቢሉን ዋንዛው ሥር ያስቀምጣትና ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መሄድ ይጀምራል። እዚያ የሚያልፍ ሰው ሰላም ይለዋል እንጂ ወዴት ነው አይለውም። እና እኔ ለብዙ ዓመት ፓርክ ማለት ዘንቢል የሚቀመጥበት ቦታ ነው ብዬ አስብ ነበር። አሁንም ከዚህ የተሻለ ትርጉም አላገኘሁም።

አንድ እሁድ ግን ታናሽ ወንድሜ ኮንጎ ጫማውን አዌቱ ውስጥ ጣለ። 1996 ወይም 1997 ይሆናል፣ ክረምት ነው፣ ውሃው ሞልቷል። አንድ እግር ጫማ እየተሽከረከረ ሄደ። ወንድሜ አለቀሰ። አባዬ ሊያባብለው ቁጭ ብሎ ስለ ወንዙ አስተማረን። አዌቱ ከከተማው ይወጣል፣ በቦዬ ረግረግ በኩል ግልገል ጊቤን ይቀላቀላል አለን። ግልገል ጊቤ ላይ ደግሞ ግድብ አለ። ሥራ የጀመረው በቅርቡ ነበር፣ 184 ሜጋ ዋት ያመነጫል። «ይሄ የምታዩት ውሃ መብራት ሆኖ ይመለሳል» አለን።

ያን ዕለት ማታ መብራት ጠፋ። እህቴ በጨለማው ውስጥ «የእሱ ጫማ ነው የዘጋው!» ብላ ጮኸች። ወንድሜ እንደገና አለቀሰ። አባዬ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ጓሮ ወጣ። ወንድሜ ዛሬ ሁለት ልጆች አሉት። መብራት በጠፋ ቁጥር ከመካከላችን አንዱ ደውሎ «ጫማህን አውጣ» ይለዋል።

ሌሎች መንገዶችም ነበሩን። አንድ ጊዜ በጋሪ ቦዬ ሄደን ጉማሬ አየን። ማለቴ ጆሮና አፍንጫ አየን፣ የቀረው ውሃ ውስጥ ነበር። አንድ ጊዜ ደግሞ ጅሬን ድረስ በእግራችን ወጣን፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት። ከከተማው ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ዳገት ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ዘንቦ ቀናት አልፈው ነበርና በየጓሮው ቡናው አብቧል። የቡና አበባ ሁለት ሦስት ቀን ነው ዕድሜው። ሽታውን ለጅማ ሰው አልነግርም። እማዬ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆማ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ «እኔ እዚሁ ደርሻለሁ፣ እናንተ ሂዱ» አለችን። ስንመለስ የአንድ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጣ ከማታውቃቸው ሴቶች ጋር ሁለተኛውን ጀበና እየጠጣች ነበር።

አባዬ ካረፈ አምስት ዓመት ሆነው። የተነጠፈውን መንገድ አላየውም። ቢያየው መጀመሪያ የሚያደርገውን አውቃለሁ፤ የወንበሩን ስፌት፣ ይቅርታ፣ ብየዳውን በጣቱ ይዳስሳል። ከዚያ «አንዱ እግር ያነክሳል» ይላል። ከድልድዩ ሦስተኛው ወንበር እውነትም ያነክሳል። የሚመለከተው ሰው እዚህ ካለ ሰምቷል።

እማዬ አሁንም በየማለዳው ትሄዳለች። ስኳር የለባትም። ለምን ትሄጃለሽ ስላት «አባትሽን አስለምጄው እኔው ለመድኩ» ትለኛለች። ባለፈው አብሬያት ሄድኩ። አንድ ወጣት ስፖርት ልብስ ለብሶ፣ ጆሮው ላይ ሽቦ ሰክቶ እየሮጠ አለፈን። እማዬ ዘወር ብላ አየችውና «ይኼ ልጅ ያለ ዘንቢል!» አለች። ሳቄ አላስኬድ አለኝ።

አንድ ቅሬታ አለኝ፣ አጭር ነው። ወንዙ ውስጥ የምንጥለው ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ። የወንድሜ ጫማ በስህተት ነው የወደቀው። የእኛው ግን በስህተት አይደለም። ወንዙ ዳር ቡና የምትሸጡ እህቶቻችን፣ በቆሎ የምትጠብሱ ልጆች፣ እናንተንም ጨምሮ ነው የምናገረው። ልጣጩን እንኳ ከብት ይበላዋል፣ ፌስታሉን ማን ይበላዋል? ዛሬ ስንሄድ በየአስር ሰው አንድ ማዳበሪያ እንይዛለን፣ ያገኘነውን እየለቀምን እንሄዳለን። ጓንት በር ላይ አለ።

ዳኛችን ጉሮሯቸውን ሊጠርጉ ነው፣ አየኋቸው። ጨረስኩ።

ልጆች እጅ ለእጅ ትያያዛላችሁ። ትልልቆቹ ከኋላ ሁኑ። ጅማ ናትና ሰማዩን አትመኑት፣ ጃንጥላ ያላችሁ ያዙ። ከድልድዩ እስከ ዋንዛው ደርሰን እንመለሳለን። ዘንቢሏ ዛሬ ባዶ አይደለችም፣ እማዬ ሌሊቱን ቆሎ ስትቆላ አድራለች። ዋንዛው ሥር ስንደርስ ነው የምትከፈተው። ከዚያ በፊት እጁን የሚያስገባ ልጅ ካለ፣ እማዬ አጠገቧ ነው የምትሄደው።