አራት ሳጥን፦ የጡረታ ስንብት ንግግር

ውድ ባልደረቦቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ወላጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ለስንብቴ ስለተሰበሰባችሁ አመሰግናለሁ። የተጠየቅኩት ስለ 31 ዓመት የባዮሎጂ መምህርነት አገልግሎቴ እንድናገር ነበር። ግን ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለ። እሱን ሳልናገር ከዚህ ግቢ አልወጣም።

ከአሥር ዓመት በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቤቴ መጣ። ክፍል ውስጥ ጎበዝ ነበር። የዚያን ቀን ግን ፊቱ ጠቁሯል። ቡና ቀረበለት፤ አልነካውም። ከኪሱ ሦስት የላብራቶሪ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋ። የእሱ ደም ኤ፣ የሚስቱ ቢ፣ የልጃቸው ኦ።

«ቲቸር፣ ይሄ ልጅ የኔ ነው?» አለኝ።

ከሚስቱ ጋር ከተኳረፉ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። ሽማግሌ ገብቶ አልሆነም። እሷ ልጇን ታቅፋ እናቷ ቤት ገብታለች።

እስክሪብቶ አነሳሁና አራት ሳጥን ሣልኩ። «ደምህ ኤ ይባል እንጂ ከአንዱ ወላጅህ ኤ፣ ከሌላው ኦ ወርሰህ ሊሆን ይችላል» አልኩት። «እሷም ቢ እና ኦ ይዛ ሊሆን ይችላል። ለልጅ የምትሰጡት ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው።» ሳጥኖቹን ሞላሁ። ኤቢ፣ ኤ፣ ቢ፣ ኦ። እንዲህ ከሆነ ልጁ ኦ የመሆን ዕድሉ ከአራት አንድ ነው፤ ያውም በእያንዳንዱ እርግዝና እንደ አዲስ። «ይሄ ወረቀት ሚስትህን አይከስም» አልኩት።

ሳጥኖቹን ብዙ ቆይቶ አየ። ከዚያ «ቲቸር፣ ይሄን እኮ ፈተና ላይ መልሼዋለሁ» አለ።

ያቺ ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ። ጥያቄውን አግኝቶታል። ቤቱ ሲመጣበት ግን አላወቀውም። ጥፋቱ የማን ነው? የኛ ነው! የአተር ዘር ውርስ 3 ለ 1 ነው እያልን አስሸመደድን፣ መልስ አስጠቆርን፣ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ አለፍን። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ፌሊክስ በርንስታይን የእነዚህን ደሞች አወራረስ ያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። መቶ ዓመት ያለፈው እውቀት በእጃችን እያለ ትዳር ሲፈርስ እንዴት ዝም እንላለን?

ደግሞ ኦ ምን ይመስላችኋል? ውርሳችንን ከሚሸከሙት ክሮች አንዱ በሆነው ዘጠነኛው ክሮሞሶም ላይ ያለ አንድ ጂን ቀይ የደም ሴል ላይ ስኳር የሚለጥፍ ኢንዛይም ያሠራል። ኤ አንዱን ስኳር ይለጥፋል፣ ቢ ሌላውን። በብዛት በሚታየው ኦ ላይ ግን ከጂኑ ጉዋኒን የምትባል አንዲት የዲኤንኤ ፊደል ጎድላለች። ቁም ጸሐፊ አንዲት ፊደል እንደ ገደፈ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ንባቡ ሁሉ ይዛባል፤ ኢንዛይሙም ሳይሟላ ይቀራል። ለዚች ለአንዲት ፊደል ነው አንዲት እናት አራስ ልጇን ይዛ ከቤቷ የወጣችው!

«ሴት ብቻ ወለደች» ተብላ የምትወቀሰውም አለች። ልጁን ወንድ የሚያደርገው ዋይ ክሮሞሶም የሚመጣው ከአባት ነው። ታውቁታላችሁ፤ ተናገሩት።

 

ወጣት የባዮሎጂ መምህራን፣ ሳጥኑን ስታስተምሩ አተር ላይ አታቁሙ። ባልና ሚስት አስገቡበት፣ ልጅ አስገቡበት።

ያ ተማሪዬ በማግስቱ አማቱ ቤት ሄደ። ሚስቱ ተመለሰች። ይቅር ለማለት ግን ዓመት ፈጀባት።

አመሰግናለሁ።