ሲበሉ አይተሻቸዋል?

ዛሬ ስለ ዶሮዋ አላወራም፤ ቃል ገብቻለሁ። ዛሬ ጎመን ነው።

መደቤን ክሽክሽ፣ ያ የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ፣ እንደወረረው ነግሬአችሁ ነበር። ቅጠሉ ተጨማዶ፣ ከሥሩ አመድ የተነሰነሰበት መስሎ። ቅዳሜ ጠዋት ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ በክሽክሹ መካከል ሌላ ነገር ይሄዳል። ጥቁር፣ ጎኑ ላይ ብርቱካንማ ነጥብ ያለው፣ ጀርባው ሻካራ፤ ጥፍሬን የማያክል አዞ በሉት። አጥፊው ይሄ ነው አልኩና አንድ በአንድ በአውራ ጣቴ ጨፈለቅኳቸው። አሥራ አንድ ናቸው። መቁጠሬ ነው የሚያሳፍረኝ።

እትዬ በአጥሩ በኩል ቡና እያጠቡ ያዩኛል።

«ምን አደረጉሽ?»

«ጎመኔን በሉብኝ።»

«ሲበሉ አይተሻቸዋል?»

አይቻለሁ እኮ! ሲበሉማ አይቻለሁ። ምን እንደሚበሉ ነው ያላየሁት። ማታ ፎቶ ሳመሳክር የዚያች ባለ ነጥብ ቀይ ጥንዚዛ እጮች ሆነው አረፉት። እናትየዋን «ስታምር!» እያልኩ እጄ ላይ አስወጣለሁ፤ ልጆቿን ግን… አንዱ እጭ ክንፍ እስኪያወጣ ድረስ በመቶዎች የሚቆጠር ክሽክሽ ይበላል። ክሽክሽ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ አያስፈልጋት፣ እንቁላል ሳትጥል ሕያው ልጅ ትወልዳለች። በአሥራ አንድ አባዙት። ወይም ተዉት፣ አታባዙት።

ጉንዳኖቹስ? ግንዱን ሲወጡ ሲወርዱ ንጹሐን መስለውኝ ነበር። ክሽክሽ የምታወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚልሱ ከጥንዚዛ ይጠብቋታል። ከብት አርቢዎች ናቸው። እኔም ቅዳሜ ጠዋት ያለ ደመወዝ የጉንዳን ዘበኛ ሆኜ ዋልኩ።

በ1888፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፣ አልበርት ኮቤሌ የሚባል ሰው የካሊፎርኒያን ብርቱካን ከጨረሰው ነጭ ተባይ ጋር የሚዋጋ ፍጥረት ፍለጋ እስከ አውስትራሊያ በመርከብ ሄደ። መጀመሪያ የላካቸው ጥንዚዛዎች 129 ብቻ ነበሩ። ድንኳን የለበሰ የብርቱካን ዛፍ ላይ ለቀቋቸው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ እርሻው ከጥፋት ተረፈ። ለ129 ጥንዚዛ ውቅያኖስ ተሻገረ! የእኔዎቹ ደጄ ድረስ በራሳቸው መጥተው ነበር።

እንዲህ ስል ግን ጥንዚዛ ሁሉ ወዳጅ ነው ማለቴ አይደለም። ለዚሁ ሥራ ከእስያ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የተወሰደች አንዲት ዝርያ አሁን የአገሬውን ጥንዚዛዎች ትበላለች። ስለዚህ… ስለዚህ የሚለውን ቃል ለምን እንደጀመርኩት እንጃ።

እትዬ ግን ያውቁ ነበር? ወይስ እንዲሁ ጠየቁ? ካወቁ፣ ሦስተኛው ላይ ስደርስ ለምን አላስቆሙኝም? ስለ ዶሮዋም ጊዜ እንዲሁ ጠየቁኝና… አላወራም ብያለሁ።

አንድ አምልጦኛል፤ አሥራ ሁለተኛው። ቅጠል ሥር ተለጥፎ፣ ተሸብቦ፣ አራት ቀን አልተንቀሳቀሰም። ዛሬ ጠዋት ባዶ ቅርፊት አገኘሁ። ክንፍ አውጥቶ ሄዷል ልበል፣ ጉንዳኖቹ ደርሰውበት ይሆን… እትዬን ልጠይቃቸው አጥሩ ድረስ ሄጄ ነበር። መልሰው «ሲወጣ አይተሻል?» ቢሉኝስ ብዬ…